ሰባት ጊዜ የታጠበው ሞተር

በ1974 ዓ.ም. ጥቅምት ማለቂያ፣ አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ ደሴ አረብ ገንዳ ሰፈር ውስጥ ከበሺር እናት ቤት ደጃፍ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ በሺር፣ አክስቱ ኡሙሰልማና መካኒኩ ጋሽ ከፍያለው። አራተኛዋ አሮጌዋ ፊያት ናት፤ እሷ ግን እንቢ ብላለች።

የበሺር እናት መርየም ከሐጅ ተመልሰው በስምንት ሰዓት ኮምቦልቻ ከአውሮፕላን ይወርዳሉ። በሺር ሲሸኛቸው በሟች አባቱ መኪና እሱው ራሱ መጥቶ ሊቀበላቸው ወላሂ ብሎ ምሏል። ሌላው ዘመድ በአውቶቡስ ከጠዋቱ ወርዷል። አሁን አምስት ሰዓት አልፏል። የበሺር ልብ ከሞተሩ ቀድሞ ተነስቶ ይመታል።

ጋሽ ከፍያለው ቁልፉን አዞሩ። ሞተር የሚያስነሳው ሞተሪኖ ጉልበቱ ሙሉ ነው፤ ሞተሩ ግን አይቀበለውም። ቤንዚኑም ይመጣል። ቤንዚኑን በብልጭታ ከሚያቀጣጥሉት ካንዴላዎች የአንዱን ገመድ ነቅለው ጫፉን ወደ ብረቱ አስጠጉና በሺርን ቁልፉን አዙር አሉት። ብልጭታ የለም።

እሳቱን የሚያመነጨው ቦቢና ሳይሞት እንዳልቀረ፣ ደሴ ውስጥ ለዚህች መኪና የሚሆን እንደማይገኝ፣ ከአዲስ አበባ ቢታዘዝ ሳምንት እንደሚፈጅ ነገሩትና እጃቸውን በጨርቅ መጥረግ ጀመሩ።

"እህቴ መካ ደርሳ መጣች፤ ይቺ ኮምቦልቻ መድረስ አቃታት" አሉ ኡሙሰልማ።

የበሺር ጆሮ ጋለ። የሚያውቀው ነገር ነበር፤ መናገሩ አሳፈረው እንጂ። ጎህ ሲቀድ ዘይት ሊያይ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ሱብሂ ሰግዶ ሲመለስ የሰፈር ውሻ ሞተሩ ላይ ተንጠልጥሎ ቅባቱን ሲልስ ደረሰበት። እናቱን ከመካ በሚመጡበት ቀን ውሻ የላሰው መኪና ላይ ማስቀመጥ አልሆነለትም።

"ጋሼ" አለ በመጨረሻ፣ መሬት መሬት እያየ። "ጠዋት አጥቤው ነበር።"

"መኪናውን?"

"ሞተሩን። ውሻ ልሶት።"

ጋሽ ከፍያለው ክርስቲያን ቢሆኑም ያደጉት ከሙስሊም ጎረቤት ጋር ነው፤ ውሻ የላሰው ዕቃ በሥርዓቱ ታጥቦ እንደሚነጻ ያውቃሉና ነገሩ ወዲያው ገባቸው።

"ሰባቴ?"

"ሰባቴ።"

"አንዱን በአፈር?"

"በአፈር።"

ኡሙሰልማ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ጋሽ ከፍያለው አልሳቁም። "ይህን ብትነግረኝ ምን ነበረበት? ቦቢናውን በቁሙ ልቀብረው ነበር እኮ።"

ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለውን ጥቁር ክዳን ፈተው ገለበጡት። ውስጡ ውሃ አዝሏል፤ ከሥሩ ያሉት፣ እየተነካኩ እሳት የሚሰጡት ፑንቲናዎች መሐል ስስ ጭቃ ገብቷል። በሺር ሮጦ ንጹሕ ጨርቅ አመጣ። ኡሙሰልማ ክዳኑን ተቀብለው ደጃፉ ላይ ከተቀጣጠለው የከሰል ምድጃ ራቅ አድርገው እያገላበጡ አደረቁት። ጋሽ ከፍያለው ፑንቲናዎቹን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው ጠረጉ፤ ሁሉን መልሰው ገጠሙና ገመዱን እንደገና ወደ ብረቱ አስጠጉ። በሺር አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ቁልፉን አዞረ። ጠጥ አለ፤ ሰማያዊ ብልጭታ።

"አየሃት?"

በሺር አይቷታል። ገመዱ ቦታው ገብቶ ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ አንዴ አሳለ፣ ደግሞ አሳለ፣ ከዚያ ተነሳ። ኡሙሰልማ እልልታውን ለቀቁት፤ ጎረቤቱ ሁሉ ሐጃዋ የደረሱ መስሎት ግልብጥ ብሎ ወጣ። በሺር አክስቱን ከኋላ አስቀምጦ፣ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ቁልቁለቱን ተያያዘው።

አውሮፕላኑ በስምንት ሰዓት ከሩብ ሲያርፍ በሺር ቀድሞ ደርሶ ይጠብቅ ነበር። ሐጃ መርየም ከፊት ወንበር ተቀመጡ፤ አስር ለሚባለው የከሰዓት ሶላት ደሴ ደረሱ።