ኬላ ደረስን

ጥርስ ሠሪዋ በዚያን ዕለት እጇን ሁለት ጊዜ ታጠበች። መጀመሪያ በሥራ ቦታዋ፣ ጄሶውና ሰሙ ከጥፍሯ ሥር እስኪወጣ ድረስ፤ ቀጥሎም ቤቷ ገብታ፣ ወንድሟ የሰጣትን መጽሐፍ ከመግለጧ በፊት።

ቀኑ ፋታ የነሣት ቀን ነበር። ሁለት ሐኪሞች “ለነገ ይድረስ” እያሉ የላኳቸው የድድ ቅርጾች ጠረጴዛዋ ላይ ተደርድረው ሲጠብቋት፣ የአንድ ጡረተኛ ዳኛ ሰው ሠራሽ ጥርስ “ስናገር ያፏጫል” ተብሎ እንደገና ተመልሶ መጣ። ከቀትር በኋላ ደግሞ ለአንዲት የሙሽራ እናት የተዘጋጀው የላይኛው ጥርስ ከባልደረባዋ እጅ አምልጦ ወለሉ ላይ ለሁለት ተከፈለ። ጥርስ ሠሪዋ ክፉ ቃል ሳይወጣት ስብርባሪውን አንሥታ ሥራውን ከመነሻው ጀመረች። የሰሙን ቢላዋ በነበልባሉ ላይ ስታግል፣ በግራ አውራ ጣቷ ላይ እንደ መንጠቆ የታጠፈው አሮጌ ጠባሳ አብለጨለጨ። የዚሁ ቢላዋ ሥራ ነው፤ አባቷን ስታስታምም አድራ፣ እንቅልፍ ባሸነፋት በአንድ ጠዋት ያተረፈችው። ያን ጊዜ ጥፍሯም መሐል ለመሐል ተሰንጥቆ እንደ ተሰነጠቀ ቀርቷል።

“ልፋ ያለው በህልሙ ሸክም ይሸከማል ይላሉ፤” አለ ባልደረባዋ አንገቱን ሰብሮ። “አንቺን ግን የሚያለፋሽ ህልምሽ ሳይሆን የእኔ እጅ ነው።”

“ዝም ብለህ ወለሉን ጥረግ።”

“አገሩ ሁሉ በአንቺ ጥርስ ይስቃል። አንቺ በማን ጥርስ ነው የምትስቂው?”

“ዛሬ ማታ በራሴ እስቃለሁ። ወንድሜ መጽሐፍ አሳትሟል።”

“ሠዓሊው? እሱ እንደሆነ ድንጋይ ያስቃል።”

“ስለ አባዬ ነው፤” አለች፤ በድምፅዋ ውስጥ የነበረውን ኩራት ልትደብቅ አልሞከረችም።

ቤቷ የአባቷ ቤት ነው። አባቷ ከሞተ ዓመት ቢያልፈውም አልጋው በቦታው አለ፤ እሷ አሁን የቀን ድካሟን የምታሳርፍበት መቀመጫ ሆኗል። ጫማዋን አውልቃ፣ ሻይዋን በርጩማው ላይ አስቀምጣ፣ መጽሐፉን ከፖስታው አወጣች። በሥዕል የተነገረ ቀጭን ታሪክ ነው፤ ከወገቡ በሁለት የሽቦ ስፌት ተይዟል፤ አንደኛው ስፌት ጠሟል። አሳታሚዎች ሁሉ “ትልቅ ሰው ሥዕል አያነብም” ብለው ስለ መለሱት ወንድሟ በራሱ ገንዘብ፣ በአንዲት ጠባብ ማተሚያ ቤት ያሳተመው ነው። ቀለሙ ገና ይሸታል። በሽፋኑ ላይ አንድ ሽማግሌ አልጋው ላይ ተቀምጦ የማይታይ መሪ ጨብጧል፤ ከሥሩም “እውነተኛ ታሪክ” ተብሎ ተጽፏል።

አባታቸው የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። አእምሮው ከከዳው በኋላ አልጋውን መኪና አድርጎ ይነዳ ነበር፤ ጉልበቱን እንደ ማርሽ እየጎተተ፣ በከንፈሩ ሞተር እያስነሣ፣ ትራሱን “አንተ ረዳት፣ ጎማውን እይ” እያለ እየተቆጣ። ወንድሟ ይህን ሁሉ አልረሳም። በመጽሐፉ ውስጥ አልጋው ሞተሩን አስነሥቶ በመስኮት ይወጣል፤ ጎረቤቶች በየአጥሩ ዘልለው ያመልጣሉ፤ አንድ የትራፊክ ፖሊስ አልጋውን አስቁሞ መንጃ ፈቃድ ሲጠይቅ ሽማግሌው ከብርድ ልብሱ ሥር የሐኪም ማዘዣ አውጥቶ ያሳየዋል፤ ፖሊሱም ማዘዣውን ገልብጦ ካየ በኋላ “ቀኑ አልፎበታል” ይላል። ጥርስ ሠሪዋ በባዶ ቤት ድምፅ አውጥታ ሳቀች። ሻይዋ ቀዘቀዘ። የቀኑ ድካም ከትከሻዋ ላይ እንደ እርጥብ ካፖርት ሲወርድ ተሰማት።

ቀጥሎ ያለው ገጽ ሽማግሌው ምግብ እንቢ ያለበት ነው። ማንኪያ ወደ አፉ ቀርቧል፤ ማንኪያውን የያዘው ሰው “ጌታው ሾፌር፣ ኬላ ደረስን፤ ይክፈቱ” ይላል፤ የሽማግሌው አፍም እንደ ኬላ እንጨት ከፍ ይላል። ፈገግ አለች። ይህን ዘዴ እሷ ነበረች የፈጠረችው፤ ምክሩም መድኃኒቱም ባለቀበት በአንድ ክፉ ቀን። ‘አልረሳውም’ አለች በልቧ፤ ዐይኗም ከማንኪያው ወደ ባለማንኪያው ወጣ። መነጽር ያደረገ፣ ፀጉሩ በግንባሩ ላይ የተደፋ ወጣት ነው። ወንድሟ ነው።

በሚቀጥለው ገጽ ትኖር ይሆናል ብላ ገለጠች። ሽማግሌውን የሚያጥበው ወጣቱ ነው። ጎኑ እንዳይቆስል የሚያገላብጠው ወጣቱ ነው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ በሩ ተከፍቶ፣ የእሷን ባለትልልቅ ቁልፍ ካፖርት የለበሰች ሴት ቦርሳዋን በትከሻዋ እንዳንጠለጠለች ቆማለች። “እንዴት ዋለ?” ትላለች። በሚቀጥለው ሥዕል በሩ ተዘግቷል።

ያ ጥያቄ የወንድሟ ነበር። ብቅ ባለ ቁጥር በሩ ላይ ቆሞ “እንዴት ዋለ?” ይላል፤ ከዚያ ጥግ ካለው በርጩማ ላይ ይቀመጣል፤ ወረቀቱን አውጥቶ ይጭራል፤ አንሶላ የሚቀየርበት ሰዓት ሲደርስ ደግሞ ቀጠሮ ትዝ ይለዋል። እሷ ግን የምትሄድበት አልነበራትም። አንድ ሊያገባት የፈለገ ሰው ነበር፤ “አባትሽ እስኪሻለው” እየተባለ ጠብቆ፣ ጠብቆ፣ ሌላ አገባ።

ስልኩ ጮኸ። ሩቅ ከተማ የምትኖረው አክስታቸው ነበረች፤ በሕመሙ ዘመን ያልመጣች፣ ለቀብር ብቻ የደረሰች።

“አንቺ ልጅ፣ አነበብሽው?”

“እያነበብኩ ነው እትዬ።”

“እኔስ እንባዬ አልቆም አለኝ! ያ ቀብራራ የምንለው ልጅ ለካ ወንድሜን እንደ ሕፃን ታቅፎ ነው የጦረው! ዘመድ አዝማዱን ሁሉ ደውዬ አስነበብኩ። ሁሉም እየመረቀው ነው።”

“እትዬ...”

“አልወቅስሽም፣ ልጄ። ሥራ ነው፤ ምን ታደርጊ። ብቻ አንዳንዴ እንኳ ያን ቦርሳሽን አስቀምጠሽ ቁጭ ብትዪ ምን ነበረበት?”

መልሱ በአፏ ሞልቶ ነበር። ነገር ግን “የጦርኩት እኔ ነኝ” ብሎ መናገር፣ ለአባት የዋሉትን ውለታ ደረሰኝ ማስቆረጥ መሰላትና “ደህና እደሪ” ብላ ስልኩን ዘጋች። ያ ዘመን ከሕይወቷ የተረፋት ብቸኛ ነገር ነበር። ትዳር አልሆነላትም፤ ልጅ አልወለደችም፤ ‘አባቷን ጦረች’ የምትባል ሴት ግን ነበረች። አሁን በዘመድ ሁሉ ፊት ቦርሳ አንጠልጥላ በር ላይ የምትቆም ሴት ሆነች።

ወደ ማንኪያው ገጽ ተመለሰች፤ ያን ጊዜም እጁን አየችው። ማንኪያውን የያዘው ግራ እጅ ነው። ወንድሟ ግራኝ አይደለም። በአውራ ጣቱ ላይ እንደ መንጠቆ የታጠፈ ጠባሳ አለ፤ ጥፍሩም መሐል ለመሐል ተሰንጥቋል። በሚያጥበውም፣ በሚያገላብጠውም እጅ ላይ ያው ጠባሳ፣ ያው ስንጥቅ። አባቷን በቀኟ ደግፋ የምታጎርስበት ግራ እጇ በሙሉ እዚያ ነበር፤ ከክንዱ በላይ ያለው ብቻ የሌላ ሰው ነው።

በሩ ተንኳኳ። ሠዓሊው ወንድሟ ፊቱ እንደ ሰርገኛ በርቶ ገባ።

“እታለም! የት ላይ ሳቅሽ? እውነቱን ንገሪኝ!”

“ፖሊሱ ላይ።”

“አውቄ ነበር! ሁሉም ፖሊሱ ላይ ነው የሚስቀው።” አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የቀዘቀዘ ሻይዋን አንሥቶ ጨለጠው።

“እትዬ ደወለች።”

“አለቀሰች አይደል?”

“አለቀሰች። ቦርሳሽን አስቀምጠሽ ቁጭ ብትዪ ምን ነበረበት አለችኝ።”

ሊስቅ ጀምሮ ተወው። “እሷ ደግሞ! ታሪክ መሆኑ አይገባትም እንዴ?”

“እውነተኛ ታሪክ ይላል፣ ሽፋኑ።”

“እሱ ለገበያ ነዋ፣ እታለም! ስሚኝ። በአንዲት ትንሽ የሥዕል ሳጥን ውስጥ አልጋ አለ፣ አባዬ አለ። ሁለት አስታማሚ ብጨምርበት ታክሲ ነው የሚመስለው። አንባቢ የሚከተለው አንድ ሰው ነው። አንድ ሰው መምረጥ ነበረብኝ።”

“መረጥክ።”

“አንቺን ብመርጥ ልብሽ ውስጥ ያለውን በምን አውቄ ልጻፈው?”

“ትጠይቀኝ ነበራ። እዚሁ ነው የምኖረው።”

መነጽሩን አወለቀና በሸሚዙ ጫፍ ወለወለው። እሷም መጽሐፉን በጉልበቷ ላይ ዘርግታ ግራ እጇን ከሥዕሉ ጎን አኖረች። ወንድሟ መነጽሩን መልሶ አጠለቀና አጎነበሰ። አንዴ ወረቀቱን፣ አንዴ ጣቷን አየ። ፊቱ ቀስ እያለ ሲለወጥ ተመለከተችው። የምትፈልገው አንዲት ቃል ብቻ ነበር፤ ለዘመድ ባይነገር እንኳ በዚህች ክፍል ውስጥ የምትነገር።

“ውይ ጉዴ!” አለ። “ጠባሳው! ከድሮው ንድፍ እኮ ነው የገለበጥኩት። ያን ጊዜ ጥጉ ላይ ቁጭ ብዬ አንቺን ነበር የምስለው፤ ፊቱን ስቀይር እጁን ረሳሁት።” ቀና ብሎ አያት። “ማንም ልብ አላለውም፣ አይደል?”

“እኔ ልብ ብዬዋለሁ።”

“ካንቺ ሌላ ማለቴ ነው።” እርሳሱን ከኪሱ አወጣ። “ግዴለም፣ ይስተካከላል። በሚቀጥለው እትም አጠፋዋለሁ። እስቲ እንደዚያው ዘርጊልኝ፤ ጠባሳው ባይኖር መስመሩ በየት እንደሚያልፍ ልየው።”

ጥርስ ሠሪዋ አውራ ጣቷን ወደ ውስጥ አጥፋ እጇን ጨበጠች።

“ክፈቺው እንጂ።”

አልከፈተችም። ወንድሟ ልጅ ሳለ ያባብላት የነበረበትን ፈገግታ ፈገግ አለላት፤ በእርሳሱም የተጨበጠ እጇን እንደ ማንኳኳት አደረገ።

“ጌታው ሾፌር፣ ኬላ ደረስን፤ ይክፈቱ።”

“ኬላው ተዘግቷል፤” አለች። “በመጣህበት ተመለስ።”

ቀልድ መስሎት ሳቀ። ቆይቶም አለመሆኑ ገባውና ተነሣ። ቦርሳውን በትከሻው አንጠልጥሎ፣ በመጽሐፉ ውስጥ ያለችው ሴት እንደ ቆመችው በሩ ላይ ቆመ።

“መጨረሻውን ግን አንብቢው፤” አለ። “አደራ። ከሁሉ የሚያምረው እሱ ነው።”

በሩ ከተዘጋ በኋላ መጽሐፉን ልትወረውረው አነሣችው። ይሁን እንጂ ቀኑን ሙሉ ስትጠብቀው የዋለችው ነገር ነበርና ገለጠችው። በመጨረሻው ገጽ ላይ አልጋው የከተማውን የመጨረሻ ዳገት ወጥቷል። ያ የትራፊክ ፖሊስ እንደገና መንገዱ ላይ ቆሟል፤ በዚህ ጊዜ ግን አላስቆመም፤ ተረከዙን ገጥሞ እንደ ወታደር ሰላምታ ሰጠ። ሽማግሌውም አንገቱን በመስኮት እንደሚያወጣ ሾፌር ከትራሱ ላይ አውጥቶ፣ “ማዘዣው ታድሷል!” ብሎ እየጮኸ ያልፋል። ጩኸቱ የአባቷ ነበር፤ የከንፈሩ አከፋፈት እንኳ ሳይቀር።

ጥርስ ባዳ ነው ይላሉ። ሳታስበው ሳቀች፤ አፏንም ቶሎ ብላ በእጇ ከደነችው። በግራ እጇ።