ወደሚሞቀው

ጥፋቱ የማሞቂያው ነበር፤ ማሞቂያውን የገዛችው ደግሞ ራሷ ናት።

አክስቷ ዕድሜያቸውን በልብስ ስፌት የጨረሱ፣ ትዳር ያልሞከሩ፣ ምላሳቸው ከመቀሳቸው የሰላ ሴት ናቸው። የሚኖሩባት የፎቅ ክፍል ጣሪያ የሌሊት ወፍ ሰፈር ከሆነ ቆይቷል። ቀለም ቀቢው ወንድሟ ወፎቹ ሲመሽ እስኪወጡ ጠብቆ ቀዳዳቸውን በሲሚንቶ ደፈነ፤ የበሰበሰውን ኮርኒስ አውርዶም ግድግዳውን እስከ ላይ ነጭ ቀባው። ከላይ የተለጠፉትን ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች መፋቅ ታከተውና ቀለሙን ደረበባቸው።

«እድፍ ነው» አለ።

እድፍ አልነበረም። እሷ ማወቅ ነበረባት፤ ሥራዋ በዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ውስጥ ከሌሊት ወፍ ጠጉር ዝንብ በወረንጦ መልቀም ነው። ይህ ክንፍ አልባ ዝንብ እንቁላል አይጥልም። ያደገ እጭ ወልዶ ግድግዳ ላይ ይለጥፋል፤ እጩም ደርቆ ጥቁር ቅርፊት ይሆናል። ውስጡ ያለው ዝንብ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ እንኳ ሙቅ ገላ እስኪጠጋው ዝም ብሎ ይጠብቃል። እሷ ግን ቀና ብላ አላየችም። አክስቴን በረዳቸው ብላ ማሞቂያ ገዛች፤ አልጋውንም ግድግዳው ሥር አስጠጋች።

አንድ ቀን ጠዋት ብቅ ስትል አክስቷ ትራስ ተደግፈው ጠበቋት።

«ዶክተር መጣሽ? እንግዶቼን ላስተዋውቅሽ» አሉና አንገትጌያቸውን ገለጥ አደረጉ። ክንፍ የሌለው፣ ሸረሪት የሚመስል ጠፍጣፋ ነገር በአንገታቸው ላይ ወደ ጎን ሮጦ ፀጉራቸው ውስጥ ገባ። ሌላው ተከተለው።

ብርድ ልብሱን ገፈፈችላቸው። «እትዬ፣ ይነሱ። ዛሬውኑ ሐኪም ቤት እንሄዳለን።»

«በደረጃው ማን ያወርደኛል? ያ ቀቢ? ባልዲ እንኳ ሳይደፋ አውርዶ አያውቅም።»

«አልቀለድኩም። ደም ነው የሚጠጡት።»

«ሐኪሞቹስ በመርፌ ሲቀዱኝ አልከረሙም? እነዚህ እንኳ እጃቸው ቀላል ነው።» ሳቁና ሳላቸው ተነሣ። ሳሉ ሲበርድ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ስተኛ ይሰበሰባሉ። ስነቃም አሉ። አንቺ በመጣሽ ቁጥር ሰዓትሽን ታያለሽ።»

እውነትም ሰዓቷን እያየች ነበር። እጇን ወደ ኋላ ደበቀች።

«የለመዱት የሌሊት ወፍ ገላ ነው» አለች። «እሱም ሲሞት...»

«ሲሞትስ?»

«ጥለውት ይሄዳሉ።»

«ወዴት?»

«ወደሚሞቀው።»

አክስቷ ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። «እስከዚያ ግን አብረውት ናቸው» አሉ። ቀጥለውም ሳትጠብቀው፣ «እሺ። ነገ መኪና ይዛችሁ ኑ። ለብሼ እጠብቃለሁ» አሏት።

በማግስቱ ወንድሟ መኪናውን በር ላይ አቁሞ ሞተሩን ሳያጠፋ ቀረ። እሷ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጣች። ክፍሉ ቀዝቅዟል፤ የማሞቂያው ገመድ ከሶኬቱ ተነቅሎ በሥርዓት ተጠቅልሏል። ነጩ ግድግዳ መርፌ የወጋው ይመስል ተበሳስቷል። አክስቷ ወፍራም ካፖርታቸውን እስከ አንገት ቆልፈው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መልሰው አልጋው ጫፍ ላይ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል።

«እትዬ፣ ቶሎ ይበሉ፤ መኪናው መንገድ ዘግቷል።»

ፊታቸውን ከመስኮቱ አላዞሩም። ያኮረፉ መሰላትና ልትቆጣ አፏን ስትከፍት አንዱ ዝንብ በካፖርቱ ቁልፎች መካከል ወጣ። ከእጅጌው ሌላ ወጣ። ከፀጉራቸው ሥር፣ ከጆሯቸው ኋላ፣ ከአንገትጌው፣ ሳይጣደፉ እየተከታተሉ በአንሶላው ወረዱ። ቤተ ሙከራ ትሪ ላይ ይህንኑ ብዙ ጊዜ አይታለች። የሚሆነው መቼ እንደሆነም ታውቃለች።

«እትዬ?» አለች እንዲያም ሆኖ።

ከታች የመኪና ጥሩምባ ጮኸ።

ዝንቦቹ ቀዝቃዛው ማሞቂያ ጋ ሲደርሱ ዞረውት አለፉ። ዓይኗን ከአክስቷ ፊት አልነቀለችም፤ አንዱ ብቻ ግንባራቸው ላይ ቀርቶ ነበር። አንድ እንኳ ከቀረ፣ አለች በልቧ። እሱም ጥቂት ዞር ዞር ብሎ በጉንጫቸው ወረደና ሌሎቹን ተከተለ።

የመጀመሪያው ጫማዋ ላይ ሲወጣ ወደ ኋላ ተራመደች። ከክፍሉ ወጣችና በሩን ዘጋችው።