በገጾቹ መሀል የበራው

መብራት ሲጠፋ የኔሬይዳ ፊት በራ።

ማራገቢያዎቹ እያቃሰቱ ቆሙ፣ ድምፅ ማጉያው ጸጥ አለ። የአዳራሹ መስኮቶች የትምባሆው ቅጠል እንዳይደርቅ ሁልጊዜ ዝግ ስለሆኑ ቤቱ ጨለም አለ። በረድፍ በረድፍ ተቀምጠው ሲጋር ለሚጠቀልሉት ሠራተኞች ይሄ አዲስ ነገር አይደለም፤ በዚህች የትምባሆ ከተማ በፒናር ዴል ሪዮ ወሬ የሚሆነው መብራት ሳይጠፋ ሲውል ነው። እጃቸው ሥራውን ስለሚያውቀው ጥቅለላውን አላቋረጡም። የሚቋረጠው ሲሠሩ የሚነበብላቸው መጽሐፍ ነው፤ በጨለማ ማን ያነባል? አንባቢያቸው ኔሬይዳ ግን አላቋረጠችም። ከፍ ካለው መድረክ ላይ እንደተቀመጠች ማጉያው መዘጋቱን ሰምታ ድምፅዋን ከፍ አደረገች እንጂ፣ ፊደሉ ከዓይኗ ስላልጠፋ ነገሩ አልከነከናትም። በእጇ ከያዘችው ወፍራም መጽሐፍ ውስጥ ነጭ ብርሃን እየወጣ አገጯንና አፍንጫዋን ያበራው ነበር።

ነገሩ የገባት ቅጠል የሚቆርጡት ቢላዎች አንድ ባንድ ድምፃቸው ሲጠፋ ነው።

"ኔሬይዳ፣" አለ ከፊተኛው ረድፍ ኦኔሊዮ፣ "መጽሐፍሽ ተቃጠለ።"

ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ወዲያው ሳቁ ቆመ።

በዚህ ፋብሪካ አንባቢን የሚሾም አለቃ የለም። አንባቢ መሆን የፈለገ መድረኩ ላይ ወጥቶ ያነባል። ሠራተኞቹ ከወደዱት ግማሽ ጨረቃ በመሰለችው ቢላቸው የሥራ ጣውላቸውን ይመታሉ፤ ካልወደዱት ቢላዋን መሬት ይጥሏታል። ኔሬይዳ ጸጉሯ ገና ጥቁር ሳለ በዚህ መንገድ ተመርጣ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ጠዋት ጋዜጣ፣ ከሰዓት በኋላ ልቦለድ ታነባለች። ልቦለዱንም ቢሆን የሚመርጡት እነሱ ናቸው። መጽሐፉ ሲያልቅ ዕጣ ይወጣና አንዱ ቤቱ ይዞት ይሄዳል። የመረጡትን ማውረድም የእነሱ ፈንታ ነው፤ ለዚህም በየወሩ ስብሰባ አለ።

ባለፈው ወር ስብሰባ ላይ ነበር ልጇ ውጭ አገር ከሚኖርባት ከሞንቴቪዴዎ የላከላትን በባትሪ የሚሠራ የንባብ መሣሪያ ይዛ የቀረበችው። ከእጅ መዳፍ ብዙም አይበልጥ፣ ስስ ነው።

"መቶ መጽሐፍ ይይዛል፣" ብላቸው ነበር። "የቤተ መጻሕፍቱን ደጅ መጥናት ቀረ። ቅጠሉ የረገፈ መጽሐፍ በክር መስፋትም ቀረ።"

ኦኔሊዮ ተነሣ። ጥቅለላ ላይ ያረጀ፣ ሲናገር እጁን በሽርጡ የሚጠርግ ሰው ነው።

"እኔ ልቦለዱ ምን ያህል እንደቀረው ከዚህ ሆኜ አያለሁ። በግራሽ ያለው ሲወፍር፣ በቀኝሽ ያለው ሲሳሳ፣ ልቤን አዘጋጃለሁ። ይሄ ዕቃ ሲጀመርም ሲያልቅም ያው ነው።"

"ስንት እንደቀረ ቁጥሩን ይነግረኛል። እኔ ደግሞ ለአንተ እነግርሃለሁ።"

"ቁጥር ለሒሳብ ሹሙ ንገሪው።"

ዩስሌይዲ የምትባል፣ ልጇ ቶሎ ቶሎ የሚታመምባት ጠቅላይ ከኋላ ቀጠለች። "እኔ የቀረሁ ቀን ያመለጠኝን በምሳ ሰዓት ከወንበርሽ ላይ አንሥቼ አነባለሁ። ይሄንን ቤትሽ ይዘሽው ልትሄጂ ነው። ደግሞስ ሲያልቅ ለማን ዕጣ ይወጣል?"

"መብራት ሲጠፋስ?" አለ ሌላው፤ ይሄኔ ሁሉም ሳቀ፣ ጣውላው ለወረቀቱ መጽሐፍ ተመታ።

ኔሬይዳ ዋናውን ነገር አልተናገረችም። ከጥቂት ወራት ወዲህ በምታነበው መስመር መሀል ብል የበላው የሚመስል ጉድጓድ እየተፈጠረ ፊደሎቹን ይውጥባት ጀምሯል። ሐኪሙ የቀረው እንዳይብስ ማድረግ ይቻል እንደሆነ እንጂ የሄደው እንደማይመለስ ነግሯታል። መሣሪያው ላይ ግን ፊደሉን የፈለገችውን ያህል ታሳድጋለች፣ ብርሃኑን እስከ መጨረሻው ትከፍታለች፣ እንደ ድሮዋ ታነባለች። ይሄን ብትነግራቸው ወንበሩን የሚነጥቋት መሰላት። ከዚያ ወንበር ሌላ ደግሞ የምታውቀው ቦታ የላትም። ስለዚህ የመረጡትን ወፍራም መጽሐፍ ይዛ ወጣች፣ መሣሪያውን ከገጾቹ መሀል ሸጎጠችው። ሰው እያያት ነውና በየጥቂት ደቂቃው ያንኑ አንድ ገጽ ወዲያና ወዲህ ትገለብጣለች። ማታ ስትወጣ የገጹን ምልክት በግምት አንድ ቦታ ታስገባለች። ዩስሌይዲ አንድ ጊዜ ምልክቱ ጋ ገልጣ ያመለጣትን ፈልጋ አጥታ፣ "እኔ ነኝ የተሳሳትኩት?" ብላ ጠይቃታለች። "አዎ፣" ነበር ያለቻት ኔሬይዳ። ይሄኛው ውሸት ከሁሉም በላይ ሲያሳፍራት ከረመ።

"በይ አውጪውና እንየው፣" አለ አሁን ኦኔሊዮ ወደሚያበራው መጽሐፍ እያየ።

አወጣችው። በጨለማው አዳራሽ ውስጥ መደበቂያ የሌለው መብራት ሆነ።

"እስከ ዛሬ ስትገልጪ የነበረው ምንድን ነው?"

"ምንም። ያንኑ አንድ ገጽ ነው።"

"እኔ ደግሞ ግራው አልወፍር ሲለኝ ደራሲው አንዛዛው ብዬ እሱን ስረግም ከረምኩ።"

የሳቀ የለም። ከመሀል ረድፍ አንድ ቢላ መሬት ላይ ወድቃ ጮኸች። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ወደቀች። ኔሬይዳ በዚህ ሁሉ ዘመኗ ለሌላ ሰው እንጂ ለራሷ ስትወድቅ ሰምታት አታውቅም።

"ዓይኔ ሄዷል፣" አለች። "ጨርሶ አይደለም። መጽሐፉን ግን አላየውም። በዚህ ካልሆነ ማንበብ አልችልም።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽንም?" አለች ዩስሌይዲ።

"ዓይኗ የማያይ አንባቢ ማን ይመርጣል?"

"ስንመርጥሽ ዓይንሽን አይተን ነው እንዴ? ሰምተንሽ እኮ ነው።"

"ማንም በዓይኗ አልተቆጣም፣" አለ ኦኔሊዮ። "እኔን ያናደደኝ ያ ገጽ ነው። እንደ ሕፃን አታለለችን።"

ኔሬይዳ መሣሪያውን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። እውነቱን ነው።

አዳራሹ ሊንጫጫ ሲል ከጥግ የአንዲት አሮጊት ጠቅላይ ድምፅ መጣ። "ቤቱን ማን እንዳቃጠለው ሳንሰማ ነው የምንጣላው? ታንብብና ከዚያ እንጣላለን።"

ልቦለዱ ሩፊናና አማሊያ ስለሚባሉ እህትማማቾች ነው። የአባታቸው ቤት ተቃጥሏል። ግማሹ አዳራሽ ያቃጠለችው አማሊያ ናት ብሎ፣ ግማሹ ሎሌው ነው ብሎ በሲጋር ተወራርዷል። ጠቡ ቢያንስ እስከ ምዕራፉ መጨረሻ እንዲቆይ ያለ ድምፅ ተስማሙ። ኔሬይዳ መጽሐፉን ዘግታ ከጎኗ አስቀመጠችው፣ መሣሪያውን በግልጽ በሁለት እጇ ይዛ ማንበብ ጀመረች። ያለ ማጉያም ድምፅዋ እስከ ኋላው ግድግዳ ይደርሳል። በጨለማ ሲነበብላቸው የመጀመሪያቸው ነበር። ቢላዎቹ ወደ ሥራቸው ተመለሱ፣ ግን ቀስ ብለው ነው፣ ቃል እንዳያመልጥ።

አንድ ነገር ግን ነበር። ትናንት ሰፈሯ መብራት ስላልነበረ መሣሪያውን አልሞላችውም። በማዕዘኑ ላይ ያለችው የባትሪ ምልክት እየሳሳች ስትሄድ እያየች ፍጥነቷን ጨመረች። ሩፊና ደረጃውን ወጣች። ሩፊና የአባቷን ክፍል ከፈተች። "የሣጥኑን ክዳን አነሣች፣" አለች ኔሬይዳ፣ "ከውስጡም..."

ጠፋ።

አዳራሹ በአንድ ላይ አቃሰተ።

"ይኸው፣" አለ ኦኔሊዮ። ልክ በመሆኑ ደስ ያለው አይመስልም፤ እሱም ሣጥኑን ሊያይ ፈልጎ ነበር። ተነሥቶ እግሩን እየጎተተ ወደ መድረኩ ወጣና መጽሐፉን አነሣ። "ስንተኛው ገጽ ላይ ነን?"

"ሰማንያ አንድ በመቶ።"

"ገጽ ነው ያልኩሽ።"

"እሱ ገጽ አይነግረኝም።"

ኦኔሊዮ መጽሐፉን ወደ ጎን ይዞ ውፍረቱን በአውራ ጣቱ ለካ፣ ገመሰው። ከዚያ ማንም የማይደፍረውን አደረገ፤ ከመድረኩ አጠገብ ያለውን መስኮት በስንዝር ከፈተ። የገባችው ብርሃን ለአንድ ገጽ ትበቃለች። መነጽሩን አድርጎ ጥቂት ቅጠል ወደፊት ሄደ፣ ቦታውን አገኘና ማንበብ ጀመረ።

አነባበቡ ያስለቅሳል። ነጠላ ሰረዝ ላይ ይሮጣል፣ ነጥብ ላይ መቆም ይዘነጋል፣ መስመር ይዘልና ይመለሳል። "ቀስ በል፣ ሩፊና ከደረጃው ወደቀችብን፣" ብሎ አንዱ ቀለደበት። ኔሬይዳ ከጎኑ ተቀምጣ ትሰማለች። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሌላ ሰው ሲያነብ ከሰማች ዘመን አልፏል፤ ቅናት ይሰማኛል ብላ ጠብቃ ነበር፣ የተሰማት ግን ረፍት ነው። የነገውን ምዕራፍ ሁልጊዜ ዋዜማውን ቤቷ ድምፅዋን አውጥታ ስለምትለማመደው እሱ ሲደናቀፍ ቃሉን ታቀብለዋለች። እሱም ተቀብሎ ይቀጥላል።

ከሣጥኑ የወጣው እጅጌው የተቃጠለ የአባትዬው ካፖርት ነበር። ቤቱን ያቃጠለው ራሱ አባትዬው ነው። ውርርዱን ማንም አልበላም፣ ግን ጣውላው ተመታ፤ ለደራሲው ይሁን ለኦኔሊዮ አልለየም።

በዚህ መሀል መብራት መጣ። ማራገቢያዎቹ ተነሡ፣ ማጉያው አጓራ። ኦኔሊዮ ቶሎ ብሎ መስኮቱን ዘጋና መጽሐፉን ዘረጋላት።

"ስብሰባው ነገ ነው፣" አላት ቀስ ብሎ። "ድምፄን ገና አልሰጠሁሽም።"

"አውቃለሁ።"

መድረኩ ላይ ያለው ሶኬት አንድ ብቻ ነው፣ እሱም የእሷ ማራገቢያ የሚሰካበት። ኔሬይዳ አዳራሹ ሁሉ እያያት ማራገቢያዋን ነቀለችና መሣሪያውን ሰካች። ነፍስ እስኪዘራ ጠበቀች። የተዘረጋላትን መጽሐፍ ግን አልተቀበለችም።

"አንተ ጋ ይሁን።"

"እኔ ምን አደርግበታለሁ?"

"ጣውላህ ላይ አቁመው። ገጹን አንተ ትገልጣለህ። ሲወፍርና ሲሳሳ ሰው ይየው። ምሳ ሰዓት ያመለጠው እዚያ መጥቶ ያንብብ፤ ምልክቱንም አንተ አስገባ።" ከዚያ ወደ ኋላ ቀና አለች። "ዩስሌይዲ፣ ያን ቀን የተሳሳትሽው አንቺ አልነበርሽም።"

ዩስሌይዲ ቅጠሏን መቁረጥ ቀጠለች።

ኦኔሊዮ አጉረመረመ፣ ግን ወርዶ መጽሐፉን ከፊቱ ካለው የሲጋር መጭመቂያ ጋር አስደግፎ አቆመው። ኔሬይዳ ቀጣዩን ምዕራፍ ጀመረች። ማራገቢያ ስለሌላት ላቡ በጆሮዋ ሥር ይወርዳል። በእሷ ትልልቅ ፊደል አንድ ገጽ ከጥቂት መስመር አያልፍም፤ የወረቀቱ ገጽ የት እንደሚያልቅ ልታውቅ አትችልም። ትንሽ እንዳነበበች ከታች ኦኔሊዮ እጁን በሽርጡ ሲጠርግ በዓይኗ ጠርዝ አየች። ዓረፍተ ነገሩ መሀል ላይ ነበረች። ቆመች፤ ገጹ እስኪገለጥ ጠበቀችው።