ለእንግዶች የሚሰጥ ትእዛዝ

ስፓኒሽ ያስተማረኝ ስልኬ ነው። ልብስ እየሰፋሁ በጆሮ ማዳመጫ ስሰማ ዓመታት አለፉ። ጎረቤቴ ታቢታ ይህን ስለምታውቅ በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፊቼ ሰሞን መጣች። ባሏ ሞቶ፣ እሷም ታማ በተኛችበት ጊዜ ለስፔናውያን ባልና ሚስት በጉዲፈቻ የሰጠችው ልጇ አልአዛር፣ ከአሳዳጊዎቹ ጋር ሊጠይቃት ነው።

«ጋሼ፣ እርስዎ በግዕዝ ይጸልያሉ፣ በስፓኒሽ ያዳምጣሉ፤ እስቲ ለእኔም ትንሽ ያካፍሉኝ። በራሴ አፍ ላናግራቸው።»

«ምን ልትያቸው?»

«ግቡ፣ ተቀመጡ፣ ብሉ። እንግዳን ሌላ ምን ይሉታል?»

አስተማርኳት። ግሱ በ«አር» ካለቀ «ኤ» ይገባበታል፤ በ«ኤር» ወይም በ«ኢር» ካለቀ «አ»። ብዙ ሰው በአክብሮት ስታዢ «ን» ትጨምሪያለሽ። መግባት «ፓሳር»፣ ግቡ «ፓሴን»፤ መብላት «ኮሜር»፣ ብሉ «ኮማን»። የአሳ ቅርፊት እየፋቀች ስትለው ሰነበተች።

ሊመጡ ሲሉ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አትውሰዱት» እንዴት እንደሚባል ጠየቀችኝ።

«ታቢታ...»

«ይንገሩኝ። ልጄ ነው፤ እዚህ ይቅርልኝ።»

ነገርኳት፦ «ኖ ሴ ሎ ዬቤን።» አንዴ ደገመችው።

የመጡ ዕለት እኔንም ጠራችኝ። «ፓሴን» አለች፤ ገቡ። «ኮማን» አለች፤ በሉ። የተጠበሰ ቆሮሶ አሳ ጨመረችና «ኮማን፣ ኮማን» አለች፤ እንደገና በሉ። እኛ ጋ እንግዳ በቃኝ ይላል፣ ባለቤት በሞቴ ይላል። እነሱ አንዴም በቃን አላሉም። ባልየው ሌላ አሳ ሲጀምር ላብ በላብ ሆነ።

«ጋሼ፣ ስፔን ምግብ የለም እንዴ?» አለችኝ በአማርኛ።

አልአዛርን ጠየቅሁት። ሳቁን እያፈነ መለሰ፤ መኪና ውስጥ አባቱ «ዛሬ እሷ ያዘዘችንን ሁሉ እናደርጋለን» ብሏቸው ነበር።

ተረጎምኩላት። እጇ ጭልፋው ላይ ቆመ። ባልየውን አየችው፣ ሚስቲቱን አየቻት። ከዚያ ሳህኖቹን አነሳችላቸው፤ ሁለቱም ተነፈሱ።

ሊሄዱ ሲነሱ ባልየው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ የቀረ የምታዝዘን ነገር አለ ወይ አለ። ይህንንም ነገርኳት። አልአዛር በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ያስራል። ጀርባውን ቆማ ታየው ነበር።

«ጋሼ፣ ‹በሰላም ሂዱ› እንዴት ነው የሚባለው?»

«ባያን ኮን ዲዮስ። ከእግዚአብሔር ጋር ሂዱ ማለት ነው።»

«እሱ ይሻላል» አለች።

ወደ እነሱ ዞራ በጠራ ድምፅ «ባያን ኮን ዲዮስ» አለች። ሄዱም።