ከፊት የሚደረደረው

«ሰውየው እኮ ወንበሩ ላይ ሊደርቅ ነው» አለች አክስቷ ፔርል፣ ወጥ ቤት ቆማ የተቀቀለ እንቁላል እየላጠች። «አንድ ቃል ጣል አድርጊለት፣ የኔ ልጅ።»

«ካናገርኩት ይጠይቀኛል» አለች ሬና።

«ይጠይቅሻ። ምን እንዳይልሽ ነው?»

«መጽሔቱ ይቀጥል ወይስ ይዘጋ ነዋ። ሌላ ምን ወሬ አለው?»

ሬና ወደ ሳሎን ተመልሳ ዝቅተኛዋ የሐዘን በርጩማ ላይ ተቀመጠች። መስታወቶቹ ሁሉ በአንሶላ ተሸፍነዋል። ከፊት ለፊቷ የአባቷ መጽሔት የረጅም ዘመን ዋና አዘጋጅ ኦስካር እጆቹን አጣምሮ ወለሉን ያያል። በእነሱ በአይሁዶቹ ወግ ለቅሶ የመጣ ሰው ሐዘንተኛው ካልጀመረ አፉን አይከፍትም። ኦስካር ደግሞ ለወግ ሟች ነው። አባቷ ከተቀበረ ወዲህ በየቀኑ እየመጣ፣ አንድም ቃል ሳይተነፍስ ይሄዳል። ሬና ይህን ስለምታውቅ ዝም ብላዋለች። ደክሟታል። አንድ ነገር አስባ የምትወስንበት አቅም እንኳ የላትም፤ የመጽሔቱ ወራሽ ግን እሷ ብቻ ናት።

ወጉን የማያውቁት እንግዶች አላሳረፏትም። አንድ የቀድሞ ከንቲባ እጇን ጨብጦ፣ «በመጽሔቱ አጋልጦ ከወንበሬ ያስነሳኝ አባትሽ ነው። መሞቱን በዓይኔ ላረጋግጥ ብዬ መጣሁ» አለና ሊስቅ ሲሞክር እንባው ቀደመው።

ሁሉም የሚያወራው ስለ አባቷ፣ ስለ ትልቁ አሳታሚ ሃይማን ግላዘር ነው። ብሩክሊን ውስጥ ከአንድ ምድር ቤት ተነስቶ፣ ሴናተሮች ቁርስ ሳይቀምሱ የሚያነቡትን መጽሔት ስለመሠረተው ሰው። ሬና የምታስታውሰው ግን ሌላውን ነው። እሁድ እሁድ እጇን ይዞ በየጋዜጣ መሸጫው እየዞረ፣ መጽሔቱን ከኋላ መዝዞ ከሌሎቹ ፊት የሚደረድረውን ሰው።

«አባዬ፣ ሰው እያየን ነው» ትለዋለች በሃፍረት።

«ይይና። ካላየ በምን ይገዛል?»

ደርድሮ ሲያበቃ የክምሩን ጠርዝ በአውራ ጣቱ ያስተካክላል። ባለሱቆቹ ይጮኹበታል፤ እሱ እቴ። ስሙ አገር ካዳረሰ በኋላም ይቺን አመሉን አልተወም።

እናቷ ስታጣጥር እሱ ማተሚያ ቤት ነበር። ሽፋኑ ላይ የወጣው ስህተት ሳይታረም ንቅንቅ አልልም ብሎ፣ ሆስፒታል ሲደርስ አልጋው ባዶ ሆኖ ጠበቀው። ሬና ይህን ይቅር አላለችውም። መጽሔቱን እንደ እህት ቀንታበታለች፤ አባቷ አብልጦ እንደሚወዳት እህት። አሁን ደግሞ ያቺኑ እህት አሸክሟት ሄደ። መዝጋት ነው፣ ተገላገልኩ ማለት ነው፣ ትላለች በሆዷ። ለኦስካር ግን አትነግረውም።

በሐዘኑ መጨረሻ፣ በሰባተኛው ቀን ጠዋት ፔርል መጥታ እጇን ሳበቻት። «በቃ፣ ተነሺ እናቴ። ሐዘንሽን ጨረስሽ።»

የሐዘኑ ማብቂያ ሰፈሩን አንዴ በእግር መዞር ነው። ክንድ ለክንድ ተያይዘው ወጡ። ኦስካርም በዝምታው ከኋላቸው ተከተለ።

ጥጉ ላይ ያለው ጋዜጣ መሸጫ ጋ ሲደርሱ ሬና ሳታስበው ዓይኗ መጽሔቱን ፈለገ። የአባቷ የመጨረሻ እትም ከስፖርቱና ከፋሽኑ ኋላ ተደብቋል። አልፋው ልትሄድ ነበር፤ እግሯ እምቢ አላት። እጇን ሰዳ ክምሩን መዘዘችና ወደ ፊት አመጣችው።

«አንተ ሽማግሌ፣ ተው አልኩህ እኮ» አለ ባለሱቁ ከመስኮቱ ውስጥ፣ ከሚበላው ዳቦ ቀና ሳይል። «ስንቴ ልንገርህ?»

ክምሩን ሊመልስ ቀና አለ። መጀመሪያ ቀጭኑን እጅ፣ ቀጥሎ ደረቷ ላይ ያለችውን የተቀደደች ጥቁር የሐዘን ሪባን አየ። ዳቦውን አስቀመጠ።

«እሱ አይመጣም» አለች ሬና። «ከእንግዲህ የምትጮኸው እኔ ላይ ነው።»

ፔርል ክንዷን ጠበቅ አደረገችላት። ከኋላ ኦስካር በረጅሙ ሲተነፍስ ተሰማ።

«ኦስካር» አለች ሳትዞር፤ «ማተሚያ ቤቱ እየጠበቀህ አይደል?»

«እየጠበቀኝ ነው» አለ፤ ድምፁ ሰንብቶ የተከፈተ በር ይመስል ነበር።

ባለሱቁ ስፖርቱንና ፋሽኑን በራሱ እጅ ወደ ጎን ገፋላት። ሬና የክምሩን ጠርዝ በአውራ ጣቷ አስተካከለች። ቀጥ ብሎ ሳለ ደግማ አስተካከለችው።