የባለማኅተሙ ወንድም

የሰባቱ ባሕሮች ንግሥት ሥራ መስጠት ትወድ ነበር፤ ችግሩ እያንዳንዱን ሙያ ለአንድ ሰው ብቻ መስጠቷ ነው። ምስማር ለአንዱ፣ መስታወት ለሌላው፣ ክር ለአጎቷ ልጅ። ማኅተሟ ያረፈበት ሙያ ከዚያች ቀን ጀምሮ የሚታዘዘው ለባለማኅተሙ እጅ ብቻ ነው፤ ሌላ ሰው ምስማር ቢቀጠቅጥ እንደ ሊጥ ይተጣጠፍበታል። ስለዚህ ሙያውን የሚጠብቅ ወታደር ማቆም እንኳ አላስፈለጋትም።

ሳሙና የደረሰው ከሁለት ወንድማማች ሳሙና ሠሪዎች ለታናሽየው ነው።

ታላቅየው በዚያ ቀን ከማለዳ ጀምሮ ድስቱ ላይ አጎንብሶ ያማስላል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሞራውና የአመዱ ውሃ ገና ረፋድ ላይ ይያያዙለት ነበር። ዛሬ ግን እንዲሁ እንደ ሾርባ ይንቦጫረቃል። አመዱን ሲረግም ታናሽ ወንድሙ ደረቱ ላይ ቀይ ማኅተም ለጥፎ፣ እየሳቀም እያለቀሰም ገባ። ሳሙናውን የሠራው ታላቅየው፣ ቤተ መንግሥት ተሸክሞ የሄደው ታናሽየው ነበር። ንግሥቲቱ እጇን ታጥባበት ወደደችውና የማን ሥራ ነው ስትል፣ ልጁ የእኔና የወንድሜ አለ። ጸሐፊው ቀና ብሎ ፊቱ የቆመውን አየና እሱኑ ጻፈ። ወንድሜንም ጨምሩልኝ ብሎ ቢለምን፣ አንድ ማኅተም ለአንድ እጅ ነው ተባለ።

“ጋሼ፣ ያው ያንተም ማለት ነው” አለው።

ታላቅየው አቅፎ ሳመው። ግን ከነከነው። አመድ እንዴት እንደሚጠለል እጁን ይዞ ያስተማረው እሱ ነው፤ አባታቸው ከሞተ በኋላ አብልቶ ያሳደገውም እሱ ነው። አሁን ታናሽየው ከመንገዱ ማዶ ሰፊ ቤት ከፈተ። ድሮ ታላቅየውን “ባለሙያው” እያሉ ይጠሩት የነበሩ ሴቶች የእሱን ደጅ አልፈው ይሻገራሉ፤ አንዷማ የወንድምህ ቤት የቱ ነው ብላ ጠየቀችው። ወንድሙ አዲስ ጫማ ሲገዛ ከፊቱ በፊት ጫማውን ያያል። እናታቸው ደግሞ ቤት ቁጭ ብላ፣ ወንድምህ እኮ ሰው ሆነ ትለዋለች። እስከ ዛሬ ምን ነበር ታዲያ?

ሆኖም ማኅተሙ እጁን እንጂ ምላሱን አልወሰደበትም። ሳሙና መብሰሉ የሚታወቀው በምላስ ጫፍ ተነክቶ ነው፤ ከነከሰ ገና ጥሬ ነው፣ ዝም ካለ ደርሷል። ታናሽየው በልጅነቱ የፈላ ወተት ምላሱን አቃጥሎት ስለነበር ንክሻውን አይለይም። ስለዚህ ድስት በጣደ ቁጥር ማማሰያውን ይዞ መንገዱን እየተሻገረ፣ ጋሼ ቅመስልኝ ይላል። ታላቅየውም ቀምሶ ቆይ ወይም አፍስስ ይለዋል። ሳሙናው ላይ የሚታተመው ግን የታናሽየው ስም ብቻ ነው።

አንድ ጠዋት ታናሽየው በሩ አናት ላይ ሰሌዳ ሰቀለ፦ “የአገሩ ብቸኛ ሳሙና ሠሪ”። ሰቅሎም ሳይቆይ ማማሰያውን ይዞ መጣ። ታላቅየው ሰሌዳውን በወንድሙ ትከሻ ላይ አሻግሮ እያየ ቀመሰ። እንደ መርፌ ወጋው።

“እንዴት ነው?”

“ደርሷል። አፍስሰው።”

ወንድሙ ሲወጣ ጓሮ ዞሮ ተፋ፤ አፉንም ሦስቴ ተጉመጠመጠ። እውነቱን ለመናገር፣ የዚያን ቀን ምሳውን ጥርግ አድርጎ ነው የበላው። የሁለት ሦስት ወይዛዝርት እጅ ቢያሳክክ፣ ማኅተሙ ይነጠቃል፣ ነገሩም እዚያው ያልቃል ብሎ አስቦ ነበር። አንድ ሳሙና ሠሪ ብቻ ባለበት ከተማ ሁሉም ሰው በአንድ ሳሙና እንደሚታጠብ፣ ቅናት ያሳወረው ሰው ካልሆነ ማን ይዘነጋል?

በሦስተኛው ቀን እናቱ ሁለት እጆቿን ወደ ላይ ይዛ ከጓዳ ወጣች። ቆዳዋ ተልጦ ሥጋዋ ቀልቷል። ምን ሆንሽ አላት።

“ወንድምህ ከአዲሱ ድስት የመጀመሪያውን ሳሙና ለእኔ ላከልኝ” አለች። “ሲያቃጥለኝ ልተወው ነበር። ግን ጋሼ ቀምሶታል ብሏል፤ አንተ የቀመስከው ምን ያደርገኛል ብዬ ደጋግሜ አሸሁት።”

ጫማውን እንኳ ሳያጠልቅ ጸሐፊው ወደሚፈርድበት የማኅተም አዳራሽ ሮጠ። የከተማው ሰው ግማሹ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ ደጁን ሞልቶታል። ታናሽየው በሁለት ወታደሮች መካከል ቆሟል። ሳሙናው የእኔ ነው ከማለት በቀር ትንፍሽ አላለም፤ የወንድሙን ስም አላነሳም።

ታላቅየው ሰውን እየገፋ ጸሐፊው ፊት ደረሰ። “ጥፋቱ የእኔ ነው። ጥሬ መሆኑን እያወቅሁ ደርሷል አልኩት።”

ጸሐፊው ለምን አለው።

“ቀንቼበት።”

ይህን ቃል ከአፉ ሲያወጣው የመጀመሪያው ነው። ታናሽየው ግን እንባው ግጥም አለ።

“ጋሼ፣ ተው። ለእኔ ብለህ አትዋሽ።” ወደ ጸሐፊው ዞረ። “እንደ አባት ያሳደገኝ እሱ ነው። እንኳን ሊጎዳኝ፣ ክፉ ተናግሮኝ አያውቅም።”

ጸሐፊው ከንፈሩን መጠጠ። ታላቅየው በእናቱ ማለ። በማለ ቁጥር የሕዝቡ ዓይን እንባ አቀረረ፤ እንዲህ ያለ ወንድም ይስጠን የሚሉም ነበሩ። ጸሐፊው በመጨረሻ ሕጉን አነበበ። በዚህ ከተማ ከባለማኅተሙ በቀር ሳሙና የሚሠራ የለም፤ እንግዲህ ከባለማኅተሙ በቀር ያጠፋም ሊኖር አይችልም። ታናሽየው ሦስት ዓመት ድንጋይ እንዲፈልጥ፣ ማኅተሙም ለቅርብ ዘመዱ እንዲተላለፍ ተወሰነ። ጸሐፊው ማኅተሙን ከታናሽየው ደረት ነቅሎ በገዛ እጁ ታላቅየው ደረት ላይ ለጠፈው፤ ገና የሰው ገላ ሙቀት ነበረው።

“ከቤታችን አለመውጣቱም ትልቅ ነገር ነው” አለ ታናሽየው እቅፍ አድርጎት። “እማዬን አደራ።”

ከዚያ እንደ ንጹሕ ሰው ቀና ብሎ፣ ማንንም ሳያፍር በወታደሮቹ መካከል ሄደ። ታላቅየው ከነማኅተሙ በሩ ላይ ቆሞ፣ ወንድሙ እስኪታጠፍ ድረስ አየው፤ ቀናበትም።