የወጌሻው ልጅ ክርን

ግራ ክርኔ አይዘረጋም። ባዶ እጄን ስሄድ እንኳን መንገድ ላይ የሚያየኝ ሰው ዘንቢል ያንጠለጠልኩ ይመስለዋል። ሥራዬ ደግሞ አዳማ ሆስፒታል ውስጥ ፊዚዮቴራፒስትነት ነው። ሕመምተኞቼ «የማሸት ሲስተር» ይሉኛል፤ ማስረዳት ከተውኩ ቆየሁ። ከኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ ቀኑን ሙሉ ስፌት መኪና ላይ አጎንብሰው ትከሻቸው የደረቀ ልጆች ይመጡልኛል። «እጅሽን እስከ ላይ ዘርጊ» ስላቸው ዓይናቸው የኔ ክርን ላይ ያርፋል። አይፈረድባቸውም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስል ማለት እኔ ነኝ።

የሚብሰው ደግሞ የወጌሻ ልጅ መሆኔ ነው።

ባቱ ገና ዝዋይ በምትባልበት ጊዜ፣ ከመቂ እስከ አርሲ ነገሌ የአባቴን የጉተማን ስም የማያውቅ ጋሪ ነጂ አልነበረም። ፈረስ የጣለው፣ ጀልባ ላይ ያንሸራተተው፣ እህል ሲጭን ትከሻው የወለቀ፣ ሁሉም የሚሰበሰበው እኛ በረንዳ ላይ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን የማስቀምጥበት ቦታ አጣ ነበር። በረንዳው ቅቤ፣ ዓሣ፣ የሰው ላብና አዲስ የተሰነጠቀ ሸንበቆ ይሸት ነበር። ያ ሽታ ይናፍቀኛል ስል ባሌ ይስቅብኛል። ይሳቅ፤ ይናፍቀኛል።

በበዓል በግ ሲታረድ ወርቹ ወደ ድስት ከመግባቱ በፊት በኔና በአባቴ እጅ ያልፋል። እናቴ ዘመናይ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ «ምሁራን፣ ሥጋው ሊደርቅ ነው» እያለች ታላግጥብን ነበር። አባቴ ዓይኔን በነጠላዋ ይሸፍንና «በእጅሽ እዪው» ይለኛል። የትከሻውን ሰፊ አጥንት አካፋ ይለዋል። የላይኛው ክንድ አጥንት ከትከሻ የሚጋጠምበት ድቡልቡል ጫፍ ደግሞ ስሙ እንግዳው ነው። «ደጃፍ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ጓዳ አይገባም። ስለዚህ ትንሽ ከተገፋ ወጥቶ ይሄዳል» ይላል። ከክርን በታች ያሉት ሁለቱ አጥንቶች ታላቅና ታናሽ ናቸው። በግ ላይ ሁለቱ ተጣብቀው ስለሚገኙ የሚያሳየኝ በራሴ ክንድ ነበር። መዳፌን ወደ ሰማይ አስገልብጦ «አሁን ጎን ለጎን ተኝተዋል» ይላል፤ ወደ መሬት ሲመልሰው ደግሞ «አየሽ፣ ታናሹ ታላቁ ላይ ወጣበት»። ኮሌጅ ገብቼ ስካፑላ፣ ሁመረስ፣ ራዲየስ፣ አልና እያልኩ ስሸመድድ ለኔ አዲስ የነበሩት ስሞቹ ብቻ ናቸው።

ውልቃት ሲመጣለት በጉልበት አይታገልም። ሰው ሕመም ሲጠብቅ ሰውነቱ ይጠነክራል፤ ስለዚህ አባቴ እጁን ያዝ ያደርግና ወሬ ይጀምራል። «ባለፈው የተዳረችው ልጅህ ወለደች ወይ?» ሰውየው «ወንድ...» ብሎ አፉን ሲከፍት ያኔ ይጎትታል። «መልሱ ሲወጣ አጥንቱ ይገባል» ይለኝ ነበር። አንድም ቀን ሲስት አላየሁም። በኔ ካልሆነ በቀር ማለቴ ነው፤ እሱንም ቢሆን ያወቅኩት አሁን ነው።

በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ክረምት፣ በአሥር ዓመቴ፣ ከሚሮጥ ጋሪ ላይ ወድቄ ክርኔ ወለቀ። አባቴ መለሰልኝና በሸንበቆ አሰረው። ከወር በኋላ ሲፈታ ክንዴ እንደታጠፈ ቀረ። ያን ቀን በረንዳው ሰው ሞልቶበት ነበር። አባቴ ክንዴን ዳሰስ ዳሰስ አደረገና «ስትጫወት ፈትታው ነው» አለ።

ፈትቼዋለሁ? አንድ ቀን አሳክኮኝ አንዱን ቋጠሮ አላልቼ ነበር፤ ወዲያው መልሼ አሰርኩት። ይኸው ነው። ለአሥር ዓመት ልጅ ግን አንድ ቋጠሮ ትበቃለች፤ ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ አመንኩ። ከዚያ በኋላ አባቴ ልጅ ይዞ የመጣውን ሁሉ «እንደኔ ልጅ እንዳትፈታባችሁ» እያለ ያስጠነቅቅ ነበር፤ እኔም ከጓዳ እጠራና ክንዴን አሳያለሁ። የሰፈሩ ልጆች «ፈቺዋ» አሉኝ። ስሙ ሠርጌ ላይ እንኳን ተከትሎኛል። አባቴን ግን እወደው ነበር። ባልወደው ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ባለፈው ኅዳር አንድ ሐሙስ ጠዋት ፎዚያ ደወለችልኝ። ፎዚያ ጎረቤታችን ናት፤ እናቴ ካረፈች ወዲህ አባቴን እንደ አባቷ የምታየው እሷ ናት።

«ሌንሳ፣ አትደንግጪ እሺ። ኦቦ ጉተማ ከባጃጅ ሲወርዱ ወደቁና ትከሻቸው ወለቀ።»

«ሐኪም ቤት ውሰጃቸዋ።»

«ወስጄያቸው ተመለስን እኮ። እምቢ አሉ። ልጄ ትምጣ ብለው ተኝተዋል።»

መኪና ውስጥ ሆኜ አባቴን ያየውን ወጣት ሐኪም በስልክ አገኘሁት። ጨዋ ልጅ ነው። «ራጁ ላይ ስብራት የለም» አለኝ። «ልመልሰው ብል ሰውነታቸውን እንደ ግንድ አጠነከሩብኝ። አስተኝተን ካልሆነ አይገባም፤ ልባቸው ደግሞ ለማደንዘዣ አይሆንም። ስለዚህ ወደ አዳማ ጻፍኩላቸው። ከፈለግሽ አንዴ በዝግታ ሞክሪ፤ ካልሆነ ግን ሳትዘገዪ ውሰጃቸው።» የአባቴን ልብ አውቀዋለሁ። መድኃኒት ከጀመረ ሦስት ዓመቱ ነው፤ አስተኝተውት ላይነቃ ይችላል። ዝም ከተባለም ጡንቻው ሰዓት በሰዓት እየተኮማተረ ይሄዳል፤ ክንዱም ተንጠልጥሎ ይቀራል። እስክደርስ ድረስ ያሰብኩት ይህንኑ ብቻ ነው።

ፍራሽ ላይ በጀርባው ተጋድሟል። ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ እንዲህ ትንሽ ሆኖ አይቼው አላውቅም። የእጁን ትርታ አየሁ፣ ጣቶቹን አንቀሳቀሰልኝ፣ የክንዱን ቆዳ ስነካው ይሰማዋል። ቀኝ ትከሻው ቁልቁል ሾልኳል። እንግዳው ከደጃፉ ወጥቶ ብብቱ አጠገብ ተቀምጧል፤ በእጄ አየሁት።

«ካልገባ አዳማ ትሄዳለህ። ክርክር የለም» አልኩት።

«እሺ። ክብደትሽን ስጪው፤ እጅሽን አትስጪው።»

«አውቃለሁ፣ አባዬ።»

ጋቢውን በብብቱ ስር በደረቱ አሳልፌ ጫፉን ለፎዚያ ሰጠኋት፤ በግራ በኩል ተቀምጣ አጥብቃ ያዘች። እኔ በቀኙ በኩል ቆሜ፣ እጁን ከአንጓው በላይ ይዤ ወደኋላ ዘንበል አልኩ። ነካ ሳደርገው ጡንቻው ተነሳ።

«በይ ወሬ አምጪ» አለ፤ እያመመውም ፈገግ ብሏል።

«ዘንድሮ የሐይቁ ዓሣ እንዴት ነው?»

«ዓሣ የለም። አይሠራም ልጄ፣ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ።» ትከሻው ድንጋይ ነው።

«ፎዚያ ልጇን ለማን ነው የዳረችው?»

«ለፈሪድ። የፈሪድ አባት ታፋው የተሰበረ ጊዜ ማን ጠገነው ልትይኝ ነው ቀጥሎ? እኔ።»

ፎዚያ ጋቢውን እንደያዘች ሳቀች። እኔ ግን ላብ አጠመቀኝ። የሌላውን ሰው ሁሉ ጡንቻ ሲያታልል የኖረን ሰው በምን ላታልለው ነው? የአየሩን፣ የመንገዱን፣ የጤፉን ጠየቅኩት። ለሁሉም መለሰልኝ፤ አንዱም አላላላውም። ከዚያ ሳላስበው፣ ከየት እንደመጣ ሳላውቅ፣ ሌላ ጥያቄ ከአፌ ወጣ።

«አባዬ፣ ያኔ እጄን ያበላሸሁት እኔ ነኝ?»

ከእጄ ስር ጡንቻው አንድ በአንድ ሲለቅ ተሰማኝ፤ ትከሻው ፀሐይ እንዳገኘው ቅቤ ላላ።

«አንቺ አይደለሽም» አለ። «ስጎትት ‹አባዬ ተው› አልሽኝ። አንጀቴ አልችል አለና ተውኩት። ግማሽ መንገድ ላይ። እንዳልገባ እያወቅኩ ነው ያሰርኩት።»

መጎተት የነበረብኝ ያኔ ነው። መልሱ ወጥቷል፣ ክንዱ ልቅ ብሎ በእጄ ላይ ነው። እኔ ግን ቆሜ ቀረሁ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ቆሜ የቀረሁ መሰለኝ። ፎዚያ ቀና ብላ አላየችኝም። ትንሽ ቆይቶ ትከሻው መልሶ ጠነከረ።

«አሁን ነበር» አለ አባቴ በቀስታ። «አመለጠሽ።» ጣራ ጣራውን እያየ «እኔም እንዲሁ ነው ያመለጠኝ» አለ።

ተናደድኩ። እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። ማዘኑ አይደለም ያናደደኝ፤ ለልጁ ማዘኑንማ ማን ይጠላል? በማግሥቱ ደግሞ መጎተት ይችል ነበር። በሳምንቱም ይችል ነበር። እሱ ግን ስሙን መረጠ። እኔን ከጓዳ እየጠራ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ የሱን ስህተት በኔ ክንድ ሲያሳይ ኖረ። እጁን እንደገና ያዝኩና ወደኋላ ዘንበል አልኩ።

«ቆይ» አለኝ። «ሌንሳ፣ ቆይ ልጄ።»

አልቆየሁም። በንዴት ጎተትኩ ማለት በኃይል ጎተትኩ ማለት አይደለም፤ ሥራዬን አውቃለሁ። ቀስ ብዬ፣ ክብደቴን ሰጥቼ፣ አላቆምኩም ብቻ። አቃሰተ፤ አላቆምኩም። ፎዚያ «ቢስሚላህ» ስትል ሰማሁ፤ አላቆምኩም። ጡንቻው ታገለ፣ ደከመ፣ ከዚያ ለቀቀ። እንግዳው ደጃፉን ተሻግሮ ገጭ ብሎ ሲቀመጥ በእጄም በጆሮዬም ሰማሁት።

አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ረጅም ትንፋሽ አወጣ። «እንዲህ ነው» አለ። «እንዲህ ነው የሚሠራው።»

ክንዱን በነጠላ አንጠልጥዬለት ወደ ሐኪሙ ወሰድነው፤ ሁለተኛውን ራጅ አየና ተገርሞ «እንዴት አደረግሽው?» አለኝ። «ወሬ አውርተን» አልኩት። ከዚያ ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ አለቀስኩ። ፎዚያ አጠገቤ ቆመች፤ ስለዚያም አመሰግናታለሁ።

አሥር ሰዓት አካባቢ ቤት ስንመለስ ወሬው ሰፈሩን አዳርሷል። አባቴን በትራስ ደግፌ አስቀመጥኩና ሁለት የሕመም ማስታገሻ ክኒን ከውኃ ጋር ሰጥቼው እንግዶች ልቀበል ወጣሁ። ክፍሉ ሞላ። ግማሹ ሰው አባቴ የጠገነው ነው፤ ይህቺ እግር፣ ያቺ ጎድን፣ የአንዱ አንጓ። ጋሽ ኃይለየሱስ፣ ድሮ ጋሪ ነጂ የነበረው፣ ዱላውን ተደግፎ ገባና «ጉተማ፣ እግዜር ይማርህ። አንተን ደግሞ ማን መለሰህ?» አለው።

«ሌንሳ» አለ አባቴ።

«ፈቺዋ?» ሰው ሁሉ ሳቀ። ክፋት የለውም፤ ስሜ ነው። እኔም እንደልማዴ ሳቅኩ።

አባቴ አልሳቀም። «አልፈታችም» አለ። «እጇን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ያኔ ሳልጨርስ አሰርኩት፤ ለናንተ የነገርኳችሁ ውሸት ነው።»

ሳቁ ተቋረጠ። ያን ሁሉ ዓመት በዚያ ቤት ይህ እንዲነገርልኝ ስመኝ የኖርኩ ይመስለኝ ነበር። ሰዎቹ ግን እርስ በርስ ሲተያዩ፣ አንዲት ሴት የድሮ ስብራቷን ስትዳብስ፣ ጋሽ ኃይለየሱስም አንገቱን ሲደፋ አየሁ። አባቴ ከነነጠላው፣ ከነተጎዳ ትከሻው፣ በራሱ ቤት ብቻውን ቀረ። አልቻልኩም።

«ተዉት» አልኩ እየሳቅኩ፤ ሳቄ ለራሴም አላማረኝ። «የዋጠው ክኒን ነው የሚያስቀባጥረው። ጠንከር ያለ ነው፣ ያፈዛል።»

ሰዉ ቀለለው። «ኧረ ይሁን፣ ዕድሜም ነው» አለ አንዱ። ሌላው «ይተኛ እንጂ» አለ። ወሬው ወደ ባጃጆቹ ክፋት ሊዞር ሲል አባቴ ደህናውን ግራ እጁን ከብርድ ልብሱ ስር አወጣና በሰው ሁሉ ፊት ዘረጋው።

ሁለቱ ክኒኖች መዳፉ ላይ ናቸው። በላቡ ረጥበው ቢጫ ቀለማቸው ቆዳው ላይ ለቋል።